የቀኙ በረት ግልገሎች

ሞላልኝ በየማለዳው ካልጋሪ ካለው ሰፈሩ ከሞንተሬይ ፓርክ ኮክረን ወዳለው የምርምር እርሻ እየነዳ ዐሥራ ሁለት የበግ ግልገሎች ያበላ ነበር። የግራው በረት ስድስቱ የሙከራ ክትባት በውስጡ አብሮት የበቀለ ሰላጣ ይበላሉ፤ መርፌ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ቅጠሉን አላምጠው ይከተባሉ። የቀኞቹ ስድስት ለማነጻጸሪያ ናቸውና ድርሻቸው ተራ ሰላጣ ነበር። የካቲት ላይ ግን ተራው ሰላጣ የሚበቅልበት ግሪንሃውስ ማሞቂያ ተበላሽቶ ሰላጣውን ውርጭ ፈጀው። በምትኩ ድርቆሽ ስጣቸው ተባለ።

ሰጣቸው። እነሱ ግን ድርቆሹን ትተው፣ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫቸውን አሾልከው የጎረቤቶቻቸውን አፍ ያዩ ጀመር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ የሞላልኝም ሆድ ባዶ ነው። ለሚያይ ሳያካፍሉ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ ስድስት ጥንድ ዓይን እንዴት ይችል? አማተበና የግራዎቹን ቅጠል ለሁለቱ በረት ከፈለው። አምስት ቀን እንዲሁ አደረገ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉን ያበቀለችው ኢየሩስ የደም ምርመራውን ውጤት ይዛ መጣች። አራት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነው፤ እሱንም እዚህ ያስቀጠረችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ አልሠራም» አለች፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ። «የሁለቱም ግሩፕ ደም ውስጥ መከላከያው እኩል ነው። ሁለቱንም ሌላ ቦታ የለከፋቸው ነገር ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም አሉ ኃላፊዎቹ። ፕሮጀክቱን ክሎዝ ሊያደርጉት ነው።»

«ግልገሎቹስ?»

«የቀኞቹን ገበሬው ሐሙስ ይወስዳቸዋል፤ ምንም አልቀመሱማ። የሙከራ ቅጠል የበሉት ግን ሕጉ ነው፣ ተገድለው ይወገዳሉ።»

ሞላልኝ የበረቱን መዝጊያ ያዘ። ዝም ቢል ስድስት ነፍስ ወደ መስኩ ይመለሳል። ዝም ቢል ደግሞ የዚች ልጅ አራት ዓመት በሐሰት ይቀበራል።

«በልተዋል» አላት። «እኔ ነኝ ያካፈልኳቸው።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«እያዩኝ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ካልጋሪ ትወለድ እንጂ፣ ያሳደገቻት ለእንግዳ ሳትቆርስ እጇን ወደ ማዕድ የማትሰድ እናት ናት። ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች።

«ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ። ቅጠሉ ሌላ ዕድል ያገኝ ይሆናል፤ እነሱ ግን...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ሐሙስ የገበሬው ትሬይለር ባዶውን ተመለሰ። የእንስሳት ሐኪሟ የመግደያ መርፌዋን ይዛ ስትመጣ፣ በእንግዳ እጅ እንዳይደነግጡ ብሎ ሞላልኝ እኔ ልያዛቸው አለ። የግራዎቹን አስቀደመ። ከዚያ የቀኞቹን አንድ በአንድ ታቅፎ አወጣ፤ አንዱም አልተንፈራገጠበትም። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሮ መሐል ላይ ጠፋው፤ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ጠፋው። የመጨረሻዋ እስክትበርድ ድረስ እጁን ከአንገቷ አላነሳም።