ጎጎ ዛንዲሌ ባላቸውን ሲያመጡ

እኔ አቢሶ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለኝ፤ በጸሎት ቤታችንም የመዘምራን መሪ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ»፣ አያታችን፣ ይላቸዋል። በኮሮናው ዓመት ባላቸው ባባ ዱሚሳኒ ሆስፒታል እንደተኙ አረፉ። አስከሬኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ በቀጥታ ወደ መቃብር ይሄዳል ተባለ። ጎጎ ግን ዕቃ በማመላልስበት ባኪ፣ በፒክአፕ መኪናዬ፣ ሆስፒታሉ በር ድረስ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። የእኛን ቁርቁራ የመሰለ እሾሃም ቅርንጫፍ ይዘዋል። በዙሉ ወግ የሟች ነፍስ በእሱ ላይ ተሳፍራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ይዞ የሚመለሰውም ሰው ቤት እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ማንንም አያናግርም።

«ጎጎ፣ ይሄ እኮ ባዕድ አምልኮ ነው» አልኳቸው። አፌ መች አርፎ ያውቃል!

«አባቴ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲሞት የሚሽኑ ነጭ ቄስም እንደዚሁ ብሎ ቅርንጫፋችንን አቃጠለው» አሉኝ። «ስልሳ ዓመት ሆነ። አባቴ እስከ ዛሬ ቤቱ አልገባም። ዱሚሳኒ ግን ይገባል።»

አፈርኩ። «እኛ ቅኝ አልተገዛንም» እያልኩ ደንበኛ ሁሉ ላይ ስኮፈስ የኖርኩ ሰውዬ፣ አያቴ አገር ቤት ሰው ያስታርቁበት የነበረውን ዋርካ «ባዕድ አምልኮ ነው» ብዬ በገዛ እጄ፣ እየዘመርኩ ነው የቆረጥኩት። ያውም ማንም ነጭ ሳይገርፈኝ። ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።

ዘበኛው አላስገባም ስላለን ጎጎ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ባላቸውን በዘራቸው ስም እየጠሩ «ና፣ እንሂድ» አሉ። ከዚያ ቅርንጫፉን መሃላችን አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩለት።

ስንመለስ የኮሮና ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። የይለፍ ወረቀቴ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ትርፍ የጫነ መኪናው ይታሰርበታል። ወታደሩ ጎጎን ሰላም አላቸው፤ ዝም። ደገመላቸው፤ ዝም። ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት ናችሁ?»

ጎጎ አዩኝ። ሁለት ብል ሰውየውን መንገድ ላይ ማውረዴ ነው።

«ሦስት» አልኩ።

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ቅርንጫፉን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«ታዲያ ምን መንገድ ላይ ታቆያቸዋለህ?» አለኝ። «ባባን ቤታቸው አድርሳቸው እንጂ።»

ጎጎ ቀና ብለው ተቀመጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሪካዊ በመሆኔ ኮርቼ አላውቅም።

ሮዘተንቪል ስንደርስ ጎጎ የቤቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። «ግባ ዱሚሳኒ» አሉ። እኔ ደፉ ላይ ተገትሬ ነበር፤ ፈቀቅ ብዬ ባባን አሳለፍኳቸው።