ደረቷን ያልደቃች ሚስት

አልቃሿ የሟቹን የይሄነውን ስም ስትጠራ ድንኳኑ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ደረቷን ደቃች። ባለቤቱ እታለማሁ ብቻ እጇን አነሳችና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። ቀብሩ ትናንት ነበር። የመቃብሩ አፈር ገና ሳይደርቅ፣ እንጅባራ በክረምት ምን ይደርቃል እንጂ፣ ሚስት ተብዬዋ ለደረቷ ሳሳች።

የለቅሶ ቤት ዓይን መቼም አይተኛም። ጎረቤቷ ማናየሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አጠገቧ ላለችው ሴት አንሾካሾከች፤ እሷም ለቀጣይዋ። ንፍሮው ሲዞር ወሬውም አብሮት ዞረ። «ድሮስ መቼ ትወደው ነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ ንፍሮው አለቀ፣ ወሬው ግን አላለቀም።

እታለማሁ ትሰማለች። ምን ትበላቸው? ከነጠላዋ ሥር፣ በባሏ የሱፍ ሻርፕ የተጠቀለለ አንድ እንቁላል ጡቶቿ መሀል ታቅፋለች። ብትደቃ ይሰበራል፤ ብትናገር አብዳለች ይሏታል።

ይሄነው መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ጫግኒ! ጫግኒ!» ሲል ይውልና ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል። የተረፈችውን ሹክሹክታ የሚሰጣት ለውሻው ለጠርጥርና ለዶሮዎቹ ነው። በቆሎ በመዳፉ እያስለቀመ ውሏቸውን ይጠይቃቸዋል። እታለማሁ አንዳንዴ ቅናት ቢጤ ይይዛትና «እኔስ ጥሬ ልልቀም?» ትለዋለች። ይስቅና መዳፉን ይዘረጋላታል፤ እሷም አንዲት ፍሬ አንስታ ትቆረጥማለች።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ስለዚያ አንድም ቀን አላወሩም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ። ብቻ ጫጩት በተፈለፈለ ቁጥር ይሄነው የመጀመሪያዋን ገና ሳትደርቅ ያነሳና ጠርጥር አፍንጫ ላይ ያስጠጋታል። «አሽትታት፤ የኛ ናት» ይለዋል። ውሻው አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ በኋላ ጀርባው ላይ ብትወጣበት እንኳ አይነካትም።

ገብስማዋን ዶሮ ያስታቀፋት ሕመሙ ሳይጸናበት ነው። አልጋ ከያዘ በኋላ እንቁላሎቹን ተራ በተራ እያስመጣ ጆሮው ላይ ያደርጋቸው ነበር። በመጨረሻ አንዷን ብዙ አዳመጣትና እታለማሁን «ይቺ ትወጣለች» አላት። «እኔ ባልደርስ አንቺ ተቀበያት።»

ሲያርፍ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ያ ቤት ጩኸት ለምዶ አያውቅም። አንዱ ለቀስተኛ ቦታ ለማስፋት ብሎ እንቁላል ያለበትን እንቅብ ደጅ አወጣው፤ ገብስማዋም በርግጋ የቀርከሃውን አጥር ዘለለች፣ በዚያው ቀረች። እታለማሁ ከቀብር ስትመለስ እንቁላሎቹን ቀዝቅዘው አገኘቻቸው። ነፍስ ያለባትን ለመለየት ለብ ያለ ውሃ ላይ አሳረፈቻቸው። ሌሎቹ ዝም አሉ፣ አንዷ ነቅነቅ አለች። እሱ ያዳመጣት እሷ ትሁን ሌላ በምን ታውቃለች? ናት ብላ ያዘቻት እንጂ።

በሣልስቱ ከዘንገና ሐይቅ በኩል የመጣው ጉም ድንኳኑ ውስጥ ገባ። እታለማሁ እንደተቀመጠች ሰመመን ወሰዳት። ይሄነው ጉሙ ውስጥ ቆሞ ዶሮዎቹን በሰልፍ ሚኒባስ ያሳፍራል፤ ሳይጮህ፣ በዚያ በቤት ድምፁ፣ «ጫግኒ፣ ጫግኒ» እያለ። ጠርጥር በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያሸታቸዋል። እሷም ልትሳፈር እግሯን አነሳች። ይሄነው ደረቷን አየና በሩን በክንዱ ከለከላት።

«አንቺ ታቅፈሻል» አላት። «ቀጣዩን ጠብቂ።»

የነቃችው በጩኸት ነው። የይሄነው ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘውድነሽ፣ መንገድ ይዟቸው ቀብሩ ያመለጣቸው፣ ከጫግኒ ደርሰው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ሊያቅፏት መጡ፤ እህትና ሚስት አንገት ለአንገት ተቃቅፈው መላቀሳቸው ደንብ ነው። እታለማሁ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እትዬ ዘውድነሽ ለካ ወሬውን ገና በር ላይ ሰምተውታል።

«ወንድሜ ምን በድሎሽ ነው?» አሏት። «አንድ ጊዜ እንኳ ደረትሽን ብትደቂለት ምን ይጎድልብሻል?»

እታለማሁ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ የመጣው ዕንባ ነው። ስታለቅስ ትንፋሿ እንቁላሉን እንዳያናውጠው ፈርታ ያመቀችው ሁሉ ተዘረገፈ። የእትዬን እጅ ያዘችና ከነጠላዋ ሥር አስገብታ ደረቷ ላይ አኖረችው።

«ቀስ ብለው፣ እትዬ። እሱ ነው ያስታቀፈኝ።»

እትዬ ዘውድነሽ መጀመሪያ አልገባቸውም። ቆይቶ ከመዳፋቸው ሥር አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ፤ ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ ተጣራ። እሳቸው ዞረው አልቃሿን በእጃቸው ዝም አሰኟት፤ ጉዳዩንም ለለቀስተኛው በጥቂት ቃል ነገሩ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ያን ቀን የይሄነው ለቅሶ በሹክሹክታ ተለቀሰ። ማናየሽ ራሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ያንኑ ወሬ ያዞረችበትን አፍ በጣቷ ይዛ፣ የሚመጣውን ሁሉ ቀስ በሉ ስትል ዋለች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጫጩቷ እርጥብ እንዳለች ሻርፑ ላይ ወጣች። እታለማሁ ይዛት ደጅ ሄደች። ጠርጥር ከቀብሩ ወዲህ ምንም አልቀመሰም፤ የይሄነው ቦቲ ጫማ አጠገብ ተጋድሟል። አጎንብሳ ጫጩቷን አፍንጫው ላይ አስጠጋች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ ስለነበር የወጣላት ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«አሽትታት» አለችው። «የኛ ናት።»

ውሻው ጫጩቷን አሸተተ፣ ሻርፑን አሸተተ፣ ተመልሶ ጫጩቷን። ከዚያ እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ።

እታለማሁ ጫጩቷን በግራ እጇ ያዘች። ቀኝ እጇን አነሳችና ባዶ ደረቷን አንድ ጊዜ ደቃች።