የአጋዘኑ ወርች

ባባ ዱማ የአጋዘን ወርች ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ሱቃችን ሲገቡ እኔ ሰርዲን እየደረደርኩ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ወንድሜ ሀቢሶ «አንተ እኮ እዚህ ቆመህ እዚህ የለህም» ይለኛል፤ ልክ ነው።

«ይኼ ለእናትየዋ ነው» አሉ ባባ ዱማ፣ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው። «ትናንት ሊምፖፖ አደን ሄጄ የመታሁት። ወንድ አጋዘን! ቀንዱ ይኼን ያህላል።» ቀንዱን ሊያሳዩኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ወርቹ ሊወድቅ ሲል ቀለብኩት።

እናትየዋ የሀቢሶ ሚስት አማረች ናት። የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ባለፈው ዓመት፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሎክዳውን፣ አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ ስለዚህኛው ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ክትፎ አማረኝ» ስትል ከርማለች። የክሊኒኩ ነርስ ጥሬ ሥጋ ስለከለከለቻት፣ ለብለብ ይሁን ተብሎ ነገሩ በሽማግሌ ያለቀ ያህል ሆኗል።

ባባ ዱማ ደግሞ ጆበርግ፣ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ያለው የዚህ ሱቅና ቤት ባለቤት ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚሁ ግቢ ነው። በሐምሌ ከተማውን ያመሰው ዝርፊያ መጥቶ በመንገዳችን ያለ ሱቅ ሁሉ ባዶውን ሲቀር፣ ወንበር አውጥተው በራችን ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። አዳኝ ቢሆኑም ጠመንጃቸውን አልያዙም፤ ዱላ ብቻ። «እነዚህ የኔ ሰዎች ናቸው» እያሉ። ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው እጅ የመጣ ነገር አይመለስም፤ አንድም ቀን የተነጋገርንበት ባይሆንም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሀቢሶ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በአማርኛ፣ «ታርዷል ወይስ በጥይት ብቻ ነው የሞተው? እስቲ ጠይቃቸው» አለኝ።

ጠየቅኳቸው።

«ሀይቦ! ምን ማለት ነው!» አሉ ባባ ዱማ። «እንደወደቀ አንገቱን በቢላዬ ብዬዋለሁ። ደሙ ፈሷል። ጸሎት ከጎደለው እናንተ ጨምሩበት።»

ሀቢሶ ጨመረበት፤ ረጅም ጸሎት ነበር።

በእኛ ቤት የሚከትፈው እኔ ነኝ። ጅማቱን እየለየሁ ስከትፍ ቢላዋው የሆነ ነገር ላይ ቀጭ አለ። አጥንት መሰለኝ። አንስቼ በጣቶቼ መሃል ሳሸው ግራጫ ነው፤ የጎመን ዘር አያክልም። በጥፍሬ ስጫነው ጎደጎደ። አጥንት ደግሞ አይጎደጉድም።

«አረር ነው፤ የጥይት እርሳስ» አለ ሀቢሶ። «አውጣውና ቀጥል።»

አወጣሁት፤ እርሳስ መርዝ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ግን መቀጠል አቃተኝ። ይኼን ያገኘሁት ቢላዋ ስለነካው ነው። ቢላዋ ያልነካውስ? ቢላዋ ሊሰማው የማይችል ያነሰ ቢኖርስ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ከገባብኝ እስካየው ድረስ ዕረፍት የለኝም። «ሥጋው ይረፍ፣ ነገ ይደርሳል» ብዬ የተከተፈውንም ወርቹንም ፍሪጅ አስገባሁ። አማረች ፊቷን አዙራ ወጣች።

በማግሥቱ ወርቹን በላስቲክ ጠቅልዬ በታክሲ ወደ ፊቤ ሄድኩ። ፊቤ እዚሁ ጆበርግ ተወልዳ ያደገች የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ታነሳለች።

«ሲሪየስሊ፣ ጌዴዎን? ኩዱ፣ የሞተ አጋዘን ይዘህ መጣህ?» አለችኝ። «ምኑን ነው የሚያመው?»

የእንስሳት ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ጢሙ ከጭምብሉ ስር የወጣ ሽማግሌ ነው። ወርቹን እንደ ታመመ ውሻ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ «አንሽው፤ እኔም ማየት እፈልጋለሁ» አላት።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ መጣ። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥይቱ ያለፈበት ቦታ ጥቁር ነው። ከዚያ ዙሪያውን፣ ደመና በሌለበት ሌሊት እንደሚታይ ሰማይ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ተበትኗል። መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰማንያ ስደርስ ጠፋብኝ። ከቁስሉ ስንዝር ርቆ፣ ቀይና ንጹሕ ሥጋ ነው ብዬ ልከትፈው ባሰብኩት ቦታ ሁሉ አለ። እንዲህ ያማረ ነገር መርዝ መሆኑ ገረመኝ።

«እርሳስ ለስላሳ ብረት ነው» አለ ሐኪሙ። «አጥንት ሲያገኝ ይበተናል።»

«ቢበስልስ?»

«እሳት ትል ይገድላል። እርሳስን ምን ያደርገዋል?»

ስለ አማረች ነገርኩት። ፊቤ የሐኪሙን መልስ እንዳልሳሳትበት በአማርኛ ደገመችልኝ፦ «ለጽንስ ‹ትንሽ ነው፣ ችግር የለውም› የሚባል መጠን አይታወቅም ነው የሚለው። አእምሮውን ነው የሚጎዳው። እንዳትነካው በላት።»

በሚቀጥለው ጠዋት ባባ ዱማ በሱቁ መስኮት ብቅ አሉ። «በላች?»

ሀቢሶ ከኋላዬ በክርኑ ጎሰመኝ። «በላች በላቸው። እግዜር ይስጥልን በል።»

ልል ነበር። ነገር ግን ያውቁ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ፤ ስልኬን አውጥቼ ከስክሪኑ ያነሳሁትን የራጁን ፎቶ አሳየኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሥጋዬን ውሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድከው?»

«ባባ፣ እኔ…»

«የአዳኞች ክለባችን ውስጥም እንዳንተ ያሉ አሉ! የእርሳስ ጥይት በሁለት ዓመት ውስጥ ይቅር፣ በመዳብ ይተካ የሚሉ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ነጮች የገደሉትን አጋዘን ሲሸከም ኖረ፤ አንድ ቀን አልተኮሰም። እኔ ጠመንጃ የገዛሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ገና መምታት ስለምድ፣ ጥይትህ ጥፋተኛ ነው ይሉኛል። ዛሬ ደግሞ አንተ፣ ከገዛ ቤቴ!»

ሀቢሶ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሱቁ ከእጃችን ሲወጣ የታየው መሰለኝ።

«እውነቱን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። «መዳቡም እንዲህ የሚበተን ከሆነ ልክ እርስዎ ነዎት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ፎቶውን እንደገና አዩት። በጣታቸው አሰፉት።

«ቅዳሜ የክለቡ ስብሰባ አለን» አሉ በመጨረሻ። «ያልተሸጠ ጋዜጣ አላችሁ? ሁለቱንም ጥይት ተኩሰንበት እናየዋለን።»

ጋዜጣውን አርብ በባልዲ ዘፈዘፍን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በባባ ዱማ ፒክአፕ፣ እዚህ ባኪ በሚሉት፣ ጭነን ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሄድን። እርጥቡን ጋዜጣ በሁለት የፕላስቲክ ሣጥን ጠቀጠቅን። ኦም ኮቡስ የሚባል ወፍራም ሽማግሌ ሁለት የመዳብ ጥይት ሰጠን። እርሳስ ይቅር ብሎ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።

«አንተ ልትተኩስ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ከሌላው ሁሉ የተሻለ ምክንያት ነው» አለና የጆሮ መሸፈኛ ጫነልኝ።

ባባ ዱማ በአንዱ ሣጥን ላይ የራሳቸውን እርሳስ፣ በሌላው ላይ መዳቡን ተኮሱ። እኔ ተንበርክኬ ጋዜጣውን ቅጠል በቅጠል ገለጥኩ። በመጀመሪያው ሣጥን፣ ስለ ክትባት ሰልፍ በሚያወራው ገጽ ላይ ግራጫ ጥላሸት ነበር። በስፖርቱ ገጽ ላይ ብልጭ የሚሉ ፍርፋሪዎች። ከቀዳዳው ወጣ ብዬ፣ መዳፌን ዘርግቼ ብለካውም እዚያም አለ። አረሩ ራሱ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ከታች ተገኘ። በክለቡ ትንሽ ሚዛን ሲመዝኑት ሲሶው የለም። በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ መዳቡ አራት ቅጠል እንዳላት አበባ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ክብደቱ ከበፊቱ አልተለየም ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ገልጬ ገልጬ ምንም አጣሁበት።

ባባ ዱማ ጭቃ የሆነውን ጋዜጣ በሌባ ጣታቸው ደጋግመው ነካኩት።

ስብሰባው ደጅ ላይ፣ ወንበሮቹ ተራርቀው ነበር። አንዲት ሴት አዳኝ፣ «ጥለነው የምንመጣውን አንጀት አሞራ ይበላዋል፤ አሞራው ይሞታል» አለች። አንዱ ከኋላ፣ «ለአደኑ እሺ። የዒላማ ሜዳውን አሸዋ ማን ይበላዋል? በወንፊት እየነፋን እርሳሱን እናወጣለን!» ሲል ሰው ሳቀ። ኦም ኮቡስ፣ «በሃያ ዓመት ስንት ጊዜ ነፋችሁ?» ሲለው ሳቁ ቆመ። ከዚያ ባባ ዱማ ተነሱ። «ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ መዳብ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ዘመድ ያለው ያገኛል። ስለዚህ ያገኘ ያድን፣ ያላገኘ ቤቱ ይቀመጥ ነው የምትሉት?» አሉና ቁጭ አሉ። እጅ ሲወጣ የእሳቸው እጅ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ሐሳቡ በሁለት ድምፅ ወደቀ።

በመንገድ ላይ፣ «በዓይንዎ አይተው ለምን አልደገፉም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያየሁት ሌላ፣ ሕጉ ሌላ» አሉ። 

ቤት እንደደረስን ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ማድ ቤታቸው ገቡና ትልቁን ፍሪዘር ከፈቱ። የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ፣ ከረጢት በከረጢት፣ ወለሉ ላይ መወርወር ጀመሩ። ሚስታቸው ከጓሮ እየሮጡ መጡ። «አበድክ? የልጅቷ ምግብ እኮ ነው!»

ልጅቷ ሌራቶ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ደርባን ስለምትሠራ ከአያቶቿ ጋር ትኖራለች። ክረምቱን በሙሉ የምትበላው ይኼን የተፈጨ ሥጋ ነበር። ባባ ዱማ በእጃቸው የያዙትን ከረጢት ከሌላው ጋር ወለሉ ላይ ጣሉ። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ወደ እኛ ቤት መጡና አማረች ፊት ቆሙ።

«አንቺ አልነካሽውም አይደል?»

«አልበላሁም» አለች አማረች። እኔ ተረጎምኩ። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ጌዲ፣ እንዳትቆጣኝ። ፍሪጅ ያስገባኸው ለታ ከተከተፈው ቀምሻለሁ። ሦስት ጉርሻ። ሳላበስለው።»

ሀቢሶ የዱቄት ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። ይኼን መተርጎም አልፈለግሁም፤ ተረጎምኩት።

ባባ ዱማ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ቁጣቸው ተንኖ አለቀ። «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰኞ ጠዋት እኔው እወስድሻለሁ።»

ሰኞ አማረችንና ሌራቶን ባኪው ውስጥ ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ክሊኒክ ሄዱ። እኔ ከኋላ ተጭኜ ሄድኩ፤ ሀቢሶ ሱቅ ቀርቶ ሲጸልይ ዋለ። ነርሷ የእርሳሱን መጠን ለማስለካት ከሁለቱም ደም ቀዳች። ያቺን ሳምንት አማረች ሌሊት ሌሊት ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ትቀመጥ እንደነበር ሀቢሶ ነግሮኛል።

ውጤቱ በሚቀጥለው ሰኞ መጣ። ሐኪሟ መጀመሪያ አማረችን ጠራች። «ያንቺ ዝቅተኛ ነው፤ ከሌላው ሰው አይለይም። ሁለተኛ ግን እንዳትነኪው።» አማረች እንባዋ ጭምብሏን እስኪያረጥበው አለቀሰች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

የሌራቶ ግን ከፍ ብሎ ነበር። «አሁን የሚያሳምማት አይደለም» አለች ሐኪሟ፤ «ግን መኖር ከሚገባው በላይ ነው። ምንጩን አቁሙ፤ ከሦስት ወር በኋላ መልሳችሁ አምጧት።»

ባባ ዱማ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ስልክ ደወሉ። እንድሰማው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገውታል።

«ኮቡስ፣ ሌላ ስብሰባ ጥራ። እጄን አነሳለሁ። ግን አንድ ነገር ይጨመርበት፤ መዳብ ያገኘ ላላገኘ ያካፍል። አለዚያ አላነሳም።»

«ምን አገኘህ?» አለ ኦም ኮቡስ።

«እርሳሱን የልጅ ልጄ የሌራቶ ደም ውስጥ አገኘሁት።»

 ከዚያ ኦም ኮቡስ፣ ስለ ስብሰባውም ስለ መዳቡም ምንም ሳይል፣ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠየቀ።