የኤሎይሳ ዘበኛ

«የተኮላሸ ውሻ ደጅ አይጠብቅም» ይላሉ የወንዛችን ዳር ሰዎች። መበለቲቱ ኤሎይሳ ግን ውሻዋ ካፒታን የሴት ውሻ ሽታ በሸተተው ቁጥር እየጠፋባት፣ በግቢዋ ያሰጣችውን የካካዎ ፍሬ ሌቦች ስለወሰዱባት፣ ከቪንሴስ ከተማ በመጣ የእንስሳት ሐኪም አስኮላሸችው። ቁስሉን እንዳይልስ ታቹ የተቆረጠ ባልዲ በአንገቱ አጠለቀችለት፤ ከአልጋዋ አጠገብም አስተኛችው።

ጎረቤቷ አቤሊኖ በአጥር አሻግሮ አየና፣ «ኧረ ኤሎይሳ! ሙክት ነው እንዴ የምትቀልቢው? ለገና እንረደዋ!» አላት።

«እስቲ ቁስሉ ይድረቅለትና ያኔ ትስቃለህ» አለችው፤ ልቧ ግን ፈርቷል።

የስፌቱ ክር ከወጣ በኋላ ካካዎው እንደገና ተሰጣ። አቤሊኖም የተረቱን እውነትነት ሊያሳያት እየሳቀ አጥሩን ዘለለ።

ካፒታን ባቱን ስለነከሰው አቤሊኖ እስከ ፋሲካ በከዘራ ሄደ።