ውርጌሳ ያልደረሰ ስረዛ

የወንድሜን የሲሳይን ስም የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሲሳይ በኅዳር ተኩስ መሃል ተመትቶ ሞተ። በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት መርሳ ወዳለው የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ተመለስኩና ምርጥ ዘር የሚወስዱ ገበሬዎች ከተጻፉበት የኮምፒውተር መዝገብ አወጣሁት። ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ብሆንም የሰው ስም አላሳስትም፤ ሥራውን የሰጡኝም ለዚያ ነው። ብዙ ስለማላወራ ኮምፒውተሩ ይስማማኛል።

ስድስት ወር ጥቁር ለበስኩ። በግንቦት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ይበቃል ብለው አስወለቁኝ። በዚያው ሳምንት ሲሳይን መዝገቡ ላይ ተመልሶ አገኘሁት፤ ከነአባቱ ስም፣ ከነማሳው ስፋት።

ጌትነት የሚባል ባለሙያ ከወልድያ መጥቶ አስረዳኝ። መዝገቡ ወልድያ፣ መርሳና ውርጌሳ ባሉ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ኔትወርክ ሲኖር ለውጡን ይለዋወጣሉ። ስም ሲሰረዝ በቦታው «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይቀመጣል፤ ለሌሎቹም የሚነግራቸው ይኸው ምልክት ነው። ሦስት ወር ሲሞላው ሁሉም ሰምተዋል ተብሎ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል። የውርጌሳው ግን ከጦርነቱ ጀምሮ ጭድ ውስጥ ተደብቆ ስለነበር አልሰማም።

«ትናንት ሲከፈት እናንተ ጋ ሲሳይ የለም፤ ምልክትም የለም» አለኝ። «የጠፋባችሁ መስሎት መለሰላችሁ።»

እንደገና ሰረዝኩት። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ከበደኝ።

ቅዳሜ ቤት ብቻዬን ሳለሁ ያሳደጉን አክስታችን እትዬ አለሚቱ መጡ። ጦርነቱ ሲቃረብ ሸሽተው ደብረ ብርሃን ከርመዋል። እኔ ጎረቤት የነገራቸው መስሎኝ፣ ጎረቤትም እኔ የነገርኳቸው መስሎት፣ መርዶውን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ከፌስታላቸው ሁለት ሹራብ አወጡ።

«ይሄ ያንተ፣ ይሄ የሲሳይ። ትከሻው ሰፊ ነው ብዬ ትልቁን ያዝኩለት። የታል እሱ? እንደ ልማዱ ተኝቷል?»

መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሁሉም ገበያ ወጥተዋል። እትዬ እያዩኝ ነው፤ የለበስኩት ሰማያዊ ሸሚዝ ነው።

ይቀመጡ ብያቸው ጓዳ ገባሁ። ከሳጥኑ ሥር ጥቁሩን ሸሚዝ አውጥቼ ለበስኩ፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ስመለስ ትልቁን ሹራብ እያጠፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ እጃቸው ሹራቡ ላይ ቀረ።

«መቼ?» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በኅዳር» አልኩና እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።