አበልጅን እምቢ ማለት

ገብረየስን ስትሮክ የመታው በፀደይ መጨረሻ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቱ ጓሮ ቲማቲም ሲያጠጣ ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ንግግሩም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት። ከሆስፒታል ወጥቶ ሮክቪል ያለ አንድ ማገገሚያ፣ ሪሃብ፣ ከገባ በኋላ ቴራፒስቷ ሚስቱን የሺሀረግን ለብቻዋ ጠርታ ስለ ቤታቸው ጠየቀቻት። የት ነው የሚተኛው? የት ነው የሚታጠበው? ደረጃ አለው? የሺሀረግ መኝታውም ሻወሩም ፎቅ ላይ መሆኑን ነገረቻት። ሴትዮዋ በለሆሳስ፣ ታች ካልተዘጋጀለት ወደ ቤቱ ልንልከው አንችልም፣ የአዛውንት መጦሪያ መፈለግ ይኖርባችኋል አለቻት።

የሺሀረግ ይህን ከባሏ ልትደብቅ አስባ ነበር። እሱ ግን ከነርሶቹ ሰምቶ ኖሮ፣ እሁድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸው ሰዎች ሊጠይቁት ሲመጡ እሱ ራሱ አወራው። እያወራም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከጠያቂዎቹ መካከል ዓብዩ ነበረ። ዓብዩ አስፐን ሂል የሚኖር የገብረየስ የስደት ጓደኛ ነው፤ ካርቱም አንድ ክፍል ተጋርተዋል፣ እዚህም ከመጡ በኋላ ለዓመታት አብረው ታክሲ ነድተዋል። ሟች ሚስቱ ስመኝ የእነገብረየስን ልጅ፣ ሶሊን፣ ክርስትና ስላነሳች እሱና የሺሀረግ የሚጠራሩት “አበልጅ” እየተባባሉ ነው። እጁ ሥራ ያውቃል። የኩሽናቸውን ታይል የለጠፈው፣ የጓሮውን አጥር የተከለው እሱ ነው። ገብረየስ ፊቱን ሲያዞር አይቶ ከወንበሩ ተነሳና፣ “እኔ ቆሜ እየሄድኩ የገብረየስን ቤት ሌላ ሰው አይነካውም። መታጠቢያውን እኔ እሠራዋለሁ” አለ። ሁሉም መረቁት። ገብረየስ በደህናው እጁ ጨብጦ አልለቅ አለው። የሺሀረግም አመሰገነች። ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር?

ሶሊ ከወንዙ ማዶ ባለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ፋርማሲስት ናት። ነገሩን በስልክ ሰማች። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ ለአዲሱ መታጠቢያ የሚፈርሰውን፣ በመመገቢያ ክፍሉና በዕቃ ክፍሉ መካከል ያለውን ግድግዳ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

“ማሚ፣ ጋሽ ዓብዩን እንደምወደው ታውቂያለሽ። ግን ላይሰንስ የለውም። ይሄ ታይል አይደለም፤ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ውሃ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ አለ። ያለ ፐርሚት፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይሆንም። ዳዲ እዚያ ውስጥ ቢወድቅስ?”

የሺሀረግ እውነቷን መሆኑን አላጣችውም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃል የገባን ሰው፣ ያውም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የእነሱን ቤት እንደ ራሱ ቤት የሚያየውን ሰው፣ አልፈልግህም እንዴት ይባላል? ለሶሊ፣ እስቲ ሌሎች ኮንትራክተሮችንም እንያቸው፣ ማየት አይከለከልም ብላ ነገሩን ወደ ጎን አደረገችው።

የመጀመሪያው ኮንትራክተር ቀጠሮ አክብሮ መጣ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ነገውኑ መጀመር እችላለሁ፣ ፐርሚት የሚባለው ጊዜ ማባከን ነው አለ። የሺሀረግ ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ስትጠይቀው የቤቱ አባወራ መቼ እንደሚገኝ ጠየቃት። ሁለተኛው እየመጣሁ ነው ብሎ ደውሎ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ሦስተኛዋ ሂክማ ነበረች። ሶሊ ስሟን ያገኘችው አሌክሳንድሪያ ከምትሠራበት ፋርማሲ ደንበኞች ነው። የሐረር ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ አርባን የዘለለ፤ በዚያ ከተማ ያሉ አሮጌ ቤቶችን እያደሰች ስም ያወጣች፣ የራሷ ላይሰንስና ሠራተኞች ያሏት ኮንትራክተር ናት። ስትገባ ወደ ግድግዳው አልሄደችም። ኩሽና ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ገብረየስ ጠየቀች። ቁመቱ ምን ያህል ነው? ከወንበር ሲነሳ በየትኛው እጁ ይደገፋል? ሲታጠብ ሰው አብሮት እንዲገባ ይፈልጋል ወይስ በሩ እንዲዘጋለት?

የሺሀረግን ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። “እንዲዘጋለት” አለች።

ከዚያ ሂክማ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ወርዳ የዚያን ጣሪያ ከሥር በባትሪ መብራት ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ስትወጣ፣ ግድግዳው የላይኛውን ፎቅ የተሸከመ እንደሆነ፣ ሊከፈት እንደሚችል፣ ነገር ግን መጀመሪያ መሐንዲስ አይቶት በምትኩ የሚሸከም ምሰሶ መግባት እንዳለበት አስረዳቻት። የሺሀረግ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀቻት።

“የበጋው መጨረሻ ላይ፣ እትዬ የሺሀረግ። ግን ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሳልከፍተው አላየውም። ያልጠበቅሁት ነገር ካጋጠመኝ የዚያኑ ቀን እደውልልዎታለሁ። ከዚህ ቶሎ ያልቃል ብልዎት ደስ ይልዎታል፤ እኔ ግን ዋሸሁ ማለት ነው።”

ስትሄድ፣ እኔን ከማመንዎ በፊት የሠራሁላቸውን ሰዎች ይጠይቁ ብላ አድራሻ ሰጠቻቸው። ሶሊ ደወለችና በሳምንቱ እናቷን ይዛ አሌክሳንድሪያ ወይዘሮ ልዕልት ከሚባሉ ሴት ቤት ሄደች። ቤቱ ጠባብና አሮጌ፣ በቀይ ሸክላ የተሠራ ነው። ወይዘሮ ልዕልት ጉልበታቸውን ታመው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ወንበራቸውን እያሽከረከሩ እየመሩ ወደ መታጠቢያው ወሰዷቸው።

የሻወሩ ወለል ከመታጠቢያው ወለል እኩል ነው፤ ምንም የሚዘለል ነገር የለውም። ግድግዳው ላይ የተያያዘ መቀመጫ አለ፣ ከጎኑ የእጅ መደገፊያ። የሺሀረግ ፈቃድ ጠይቃ ከነልብሷ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች። መደገፊያውን በቀኝ እጇ ብቻ ይዛ ለመነሳት ሞከረች። ተነሳች። እንደገና ተቀምጣ እንደገና ተነሳች።

ወይዘሮ ልዕልት ስለ ሂክማ ሲጠየቁ አላሞጋገሱም። ከተባለው ጊዜ እንዳለፈች፣ አንዴም የተሳሳተ ታይል አምጥታ እንደመለሰች ተናገሩ። “ግን መዘግየቷን ከእኔ ቀድማ የምትነግረኝ እሷ ናት” አሉ። “ደውዬ ያላነሳችበት ቀን የለም።” ቀጥለው ወደ ሻወሩ እያዩ፣ ከዚህ በፊት ልጃቸው ታጥባቸው እንደነበር፣ ልጅ እናቷን ማጠቧ ነውር ባይሆንም እሳቸው በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ዐይናቸውን ይጨፍኑ እንደነበር ነገሯት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ የሺሀረግ የምታስበው ስለ ባሏ ነበር። ሪሃቡ ውስጥ ረዳቶቹ ገብረየስን ሊያጥቡት ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ትዝ ብሏት ነበር። ድልድዩን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ፣ “ለሂክማ ንገሪያት፤ ትጀምር” አለች።

“ለጋሽ ዓብዩስ?”

የሺሀረግ እሱን ለእኔ ተዪው አለች። ሶሊ እኔ ልደውልለት ብትልም፣ እንዲህ ያለ ነገር በልጅ አፍ አይነገርም ብላ ከለከለቻት። ግን እሷም አልነገረችውም። ስልኩን አንስታ ትመልሰዋለች። ቤተ ክርስቲያን ስታገኘው ስለ ገብረየስ ጤና አውርታ ትለያለች። እሱም በየጊዜው እየደወለ፣ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ነው፣ ዝናቡ ይለፍ ብዬ ነው፣ በሚመጣው ሳምንት አይቀርም ይላት ነበር። እሷ ደግሞ፣ አይ አበልጅ፣ አትቸኩል ትለዋለች። ይህን ባለች ቁጥር ሐሰተኛነቷ ይሰማታል። ፐርሚቱ ወጥቶ የሂክማ ሠራተኞች የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ምግቧን መብላት አቃታት።

ቅዳሜ ጠዋት ዓብዩ ሳይደውል መጣ። ሜትሩን ወገቡ ላይ ሰክቷል። ሰላምታ ሰጥቶ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደና ከፊቱ ቆመ። ሜትሩን አላወጣም። በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ እንደገና አንኳኳው። የሺሀረግ ከኋላው ቆማ ጠበቀች፤ ከዚህ በላይ ብትጠብቅ ሰውየው መዶሻ እንደሚያነሳ ታወቃት።

“አበልጅ፣ የምነግርህ ነገር አለ። ሥራውን ለሌላ ሰጥቼዋለሁ። ላይሰንስ ላላት ሴት ነው። አንተን ንቄ አይደለም።”

ዓብዩ አልዞረም። እጁ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሄዶ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሺሀረግ አስለቀስኩት ብላ ደነገጠች። ቀና ሲል ግን ፊቱ የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም።

“ተመስገን” አለ።

የሺሀረግ የሰማችውን ተጠራጠረች። “ምን አልከኝ?”

“ተመስገን ነው ያልኩት። ያን ዕለት ገብረየስ ፊቱን ሲያዞር ሳየው የምለው ጠፋኝና ያ ነገር ከአፌ ወጣ። ቤቴ ስገባ ምን አደረግሁ አልኩ። እኔ እንዲህ ያለ ግድግዳ አፍርሼ አላውቅም፣ አበልጅ። ትከሻዬም ካለፈው ክረምት ወዲህ ወደ ላይ አይነሳም። አልችልም ብዬ እንዳልነግርሽ ጓደኛውን በቸገረው ጊዜ ከዳው ትያላችሁ ብዬ ፈራሁ። መኪናዬ ጋራዥ ገብታ አታውቅም።”

የሺሀረግ ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሷም የራሷን ነገረችው፤ ይቀየመኛል ብላ ስልኩን እያነሳች ትመልስ እንደነበር፣ እሱን አትቸኩል እያለች አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄዳ ሻወር እንዳየች። ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ እያፈሩ፣ በኋላ ግን እንባቸው እስኪመጣ።

“አልተቀየምክም ማለት ነው?” አለችው ዐይኗን እየጠረገች።

“ትንሽ ቅር ብሎኛል። ሰው ነኝ። እስከ ነገ ይለቀኛል።”

ለገብረየስ ግን እኔ ልንገረው አለ፤ ቃሉን የገባሁት እኔ ነኝ፣ የማነሳውም እኔ መሆን አለብኝ አላት። የዚያኑ ዕለት ሮክቪል ሄደ። ምን እንደተባባሉ የሺሀረግ አላወቀችም። ማታ ስትደውል ገብረየስ፣ ዓብዩ ዛሬ ካርታ አሸነፈኝ ብቻ ነው ያላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓብዩ በየቀኑ እሱ ዘንድ እየሄደ መዋል ጀመረ። እሷም ልቧ ሳይከፈል ቤት ሆና ሥራውን መከታተል ቻለች።

ግድግዳው በተከፈተ ቀን ሂክማ ደወለች። የድሮው የውሃ ቱቦ ዝጎ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ ኖሯል፤ ከሥሩ ያለው የወለሉ እንጨት በስብሷል። መቀየር አለበት፣ ሥራው ከተባለው ቀን ያልፋል አለቻት። የሺሀረግ የሪሃቡ ጊዜ ከዚያ በፊት ያልቃል፣ ሰውየውን የት ላድርገው ብላ ተጨነቀች። ሂክማ አልተከራከረቻትም፤ የበሰበሰ ላይ ታይል አልለጥፍም ብቻ አለች። ሶሊ ይህን ስትሰማ፣ የእኔ ሕንፃ ሊፍት አለው፣ ሻወሩም ሰፊ ነው፣ ዳዲ እስከዚያው እኔ ጋ ይቆይ አለች። ገብረየስም አሌክሳንድሪያ ልጁ ዘንድ ገባ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ በወንዙ የሚያልፉትን ጀልባዎች ማየት ወደደ። ሶሊ ግን ሲታጠብ ከበሩ ውጭ ቆማ መጠበቅ ነበረባት፤ ሁለቱም ስለዚያ አያወሩም ነበር።

ሥራውን መርምሮ የሚያጸድቀው የካውንቲው ኢንስፔክተር የመጣው አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ውሃውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መደገፊያውን በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ሞከረው፣ ከሂክማ ጋር አጭር ወሬ አውርቶ ሄደ። የሺሀረግ ኩሽና ውስጥ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። ሂክማ ብቅ ብላ፣ “አልፏል፤ ያምጧቸው” አለቻት። የሺሀረግ አቀፈቻት፤ ልብሷ ሁሉ ኖራ ሆነ።

ገብረየስን ዓብዩና ሶሊ ይዘውት መጡ። በምርኩዙ እየተደገፈ ራሱ ገባ። አዲሱን መኝታውን አየ፣ ከዚያ መታጠቢያው በር ላይ ቆሞ ዐይኑን ከወለሉ እስከ ጣሪያው አንሸራተተ። መደገፊያውን ያዘው፤ ልክ እጁ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ነበር። ፎጣ ጠየቀ። ሚስቱ ስትሰጠው፣ “በሩን ዝጊልኝ” አላት።

ዘጋችው። ሦስቱም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። የውሃው ድምፅ መጣ። ቆየ። ሶሊ መታገስ አልቻለችም።

“ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬ?”

“ደህና ነኝ” አለ ከውስጥ። “ሂዱ ከዚያ።”

ዓብዩ ሳቁን አፍኖ ወደ ሳሎን ሄደ፤ ሶሊም ተከተለችው። የሺሀረግ ግን ኩሽና ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከፀደይ ወዲህ ስልኳን ከእጇ አውጥታ የተቀመጠችበት ቀን አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ውሃው አሁንም እየወረደ ነው፤ ከመሃሉ የገብረየስ ማንጎራጎር ይሰማታል። ዜማው ምን እንደሆነ ለመለየት እንኳ አልሞከረችም። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። የነቃችው ባሏ ፀጉሩ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆሞ ምሳ የለም እንዴ ሲል ነው።