ተቀብያለሁ የሚለው ማን ነው?

እና እሺ አልኩት፣ እሱማ እርግጥ ነው፣ አፌ እሺ ማለቱን ያስታውሰዋል፣ ጆሮዬ ግን ምን ሰምቶ እንደሆነ አያውቅም፣ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላኛውን በእጁ ይዞ፣ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፣ ጥያቄ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ከፍ ብሏል፣ እኔ ቁልፌን በቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግሁ በሐሳቤ ከመጋዘኑ መልእክቶች ጋር ነበርኩ፣ እሺ አልኩት፣ እሺ? አለኝ፣ አዎ እሺ አልኩ፣ አየኝ፣ አስተያየቱ የደህና አልነበረም፣ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀና ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ምን ነበር ያለኝ?

ስለ መንገዱ ሥራ ነው፣ መሆን አለበት፣ ቀያሽ ነው ባሌ፣ ራቅ ያለ ቦታ አዲስ መንገድ ሊሠራ ነው፣ ሁለት ዓመት እዚያ ትቀመጥልናለህ ወይ ብለውታል፣ ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ቁርጡን ንገረን ብለውታል፣ ይኼን አውቃለሁ፣ ይኼን የነገረኝ ሌላ ቀን ነው፣ ያን ቀን ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ግን ምን አለ፣ ሂድ ብዬው ይሆን? ሁለት ዓመት በአንዲት እሺ? ደውለሽ ጠይቂዋ፣ ምን ብዬ፣ ይቅርታ ውዴ እሺ ያልኩህ ምን ብለኸኝ ነው ልበለው? አፌ ቁርጥ ይበል። ቆይ። መጀመሪያ ይኼን የተረገመ ነገር ልፍታው።

ቢሮ ገብቻለሁ፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ደህና ማለት ነው። ነገር የሚያጣምመውም እሱ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ክሊኒኮቹ መድኃኒት ይጠይቃሉ፣ የኛ ሲስተም መሃል ቆሞ ጥያቄውን ይቀበላል፣ ያነባል፣ ኢንሱሊን ከሆነ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል፣ ፋሻ ከሆነ ወደ ደረቁ ክፍል ይመራዋል፣ መጋዘኑ ተቀብያለሁ ይላል፣ እኛ ያቺን ተቀብያለሁ ተሸክመን ለክሊኒኩ እንመልሳለን፣ በቃ፣ ሥራችን አማላጅነት ነው፣ ከየአገሩ የተሰባሰቡ የማይተዋወቁ ሰዎች በነፃ የጻፉት የጃቫ ፕሮግራም ነው፣ የፈለገ ሰው ገብቶ አንጀቱን ማየት ይችላል፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንጀቱ ውስጥ ነኝ፣ መውጫው ነው የጠፋኝ።

ስልክ። ሲስተር ናት፣ ከክሊኒኩ፣ የኔ እመቤት፣ እናንተ ተቀብያለሁ ትሉኛላችሁ እኔ ጋ ማቀዝቀዣው ባዶውን ያንጎራጉራል፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ዓይን ዓይኔን ያያሉ፣ ተቀብያለሁን ልውጋቸው? አይደለም ሲስተር፣ እያየሁት ነው ሲስተር፣ ለዛሬው በሰው እጅ እናስልክልሻለን። እሷስ ትጮኻለች፣ ለሚጮኽ ይላክለታል፣ ዝም ብለው ተቀብያለሁን አምነው የሚጠብቁትስ? ቀጥሎ ለመጋዘኑ ኃላፊ ደወልኩ፣ ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ቢያዩልኝ፣ ምን አያለሁ ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድም ጥያቄ አልመጣልኝም፣ እኔማ አገሩ በሙሉ ድኖ ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱም አይዋሹም። ሲስተር ላከች፣ ጋሼ አልተቀበሉም፣ የሲስተሙ መዝገብ፣ ሎጉ፣ ደግሞ ፊት ለፊቴ እንደ ችሎት ጸሐፊ ኮስተር ብሎ መልእክቱ በተሳካ ሁኔታ ደርሷል፣ ምላሽ፣ ተቀብያለሁ ይላል። ለማን ደረሰ? ተቀብያለሁ የሚለው ማን ነው?

ግራ ገባኝ። በእውነት።

መንገድ መሪው ነው፣ ጥያቄውን ወደየክፍሉ የሚመራው ኮድ፣ እሱ ነው፣ ኢንሱሊኑን ወደ ሌላ ክፍል እየመራው ነው፣ ደንቦቹን ቅደም ተከተላቸውን ላዟዙራቸው፣ ይኼን ወደ ላይ፣ ያንን ወደ ታች፣ ፕሮግራሙን እንደገና ልገንባው፣ ቢልድ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ቀይ። የሚያስፈልገኝን አንድ ጥቅል ፋይል አጣሁት ይላል፣ ትናንት የነበረውን ማን ወሰደው፣ አጠገቤ የሚቀመጠውን፣ ስሙን ትተን እኔ-ጋ-ይሠራል የምንለውን ልጠይቀው፣ ስማ፣ አንተ ጋ ቢልዱ ያልፋል? እኔ ጋ ይሠራል። ማወቅ ነበረብኝ። የፕሮግራሙ ሰዎች በሚጠያየቁበት ፎረም ላይ እጽፋለሁ፣ የት አገር እንዳለ የማላውቀው ሰው ወዲያው ይመልሳል፣ ወንድሜ ሁሉንም አጽዳና እንደገና ገንባው፣ እዚያ ሁሌም ወንድም ነኝ፣ እህት ኮድ አትጽፍም፣ ይሁን፣ አጸዳሁ፣ ገነባሁ፣ አረንጓዴ፣ ጫንኩት፣ አስነሳሁት፣ ሎጉን ከፈትኩ፣ ተቀብያለሁ ተቀብያለሁ ተቀብያለሁ፣ ጋሼ፣ አሁንስ መጣ? ኧረ ምንም ልጄ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ላፕቶፔ ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚነፋው፣ ማራገቢያው ወፍጮ ቤት የገባሁ አስመሰለው፣ ያው ሁለት መስኮት ነው የከፈትኩት፣ ጀርባውን ስነካው ያቃጥላል፣ እርጅና ይሆናል፣ እሱም እንደኔ።

ጫማውን በእጁ ይዞ። ሰው ቀላል ነገር ለመጠየቅ ጫማ በእጁ ይዞ አይቆምም፣ ዳቦ ግዢ ለማለት አይቆምም፣ እና እሺ? ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ፣ ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶኝ ነበር እኮ፣ ምን አልኩት ብላ ራሷን ትጠይቅ ብሎ፣ እኔ አዎ አልኩ። አዎ! ምን ዓይነት ሴት ናት ለማታውቀው ነገር አዎ የምትል?

አለቃችን መጣች፣ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ትናገራለች፣ እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ ደንበኛው፣ እምነት፣ ዛሬውኑ፣ ቀጭ፣ እኔ የማየው አድራሻ የሚጻፍበትን መስመር ነው፣ የሆነ ነገር አለው ይኼ መስመር፣ እሺ እላታለሁ፣ ጎሽ፣ ብላ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ትሄዳለች፣ እኔ-ጋ-ይሠራል በወንበሩ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ጀግና ነሽ ይላል፣ ለምን? በሚመጡት ሁለት ሳምንቶች ቅዳሜ እሑድ እገባለሁ አልሻት እኮ። እኔ? አንቺ። መቼ? አሁን! ኧረ ተበላሁ። ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም፣ ይቺ እሺ ከየት ነው የምትወጣው፣ እኔን ሳታስፈቅድ፣ ደጅ ላይ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለች ውስጥ ላለችው ሳትነግር የምትመልስ ማን ናት?

ሥራሽን። ሥራሽን ሥሪ።

እሺ፣ ማለቴ፣ ይሁን፣ አንድ ነገር ልሞክር፣ ስለተናደድኩ ብቻ፣ የክሊኒክ መስዬ አንድ ጥያቄ ልላክ፣ ብዛት ሦስት፣ ዓይነት ዝሆን፣ ማስታወሻ፣ በአስቸኳይ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ። ላክ። ዓይኔን ሳላርገበግብ፣ መልእክቱ በተሳካ ሁኔታ ደርሷል፣ ምላሽ፣ ተቀብያለሁ። ሳቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ጋሼ ሦስት ዝሆን አይቀበሉም፣ የመጋዘኑ ኮምፒውተርም ቢሆን እንዲህ ያለ ዕቃ የለኝም ማለት ነበረበት። ባዶ ልላክ፣ ምንም የሌለበት፣ ፊደል የሌለበት። ተቀብያለሁ። አያነብም! ይኼ መልስ የሚሰጠው ነገር አያነብም፣ መጋዘን አይደለም፣ የሆነ ደጅ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፣ የመጣ ሁሉ ላይ ተቀብያለሁ ብሎ የሚለጥፍ፣ አድራሻው የታለ፣ መልእክቱ የሚሄድበት የኮምፒውተር ቁጥር፣ ይኸው፣ ይኼ የመጋዘኑ ቁጥር አይደለም፣ ስማ፣ ይኼ የማን ማሽን ነው? እኔ-ጋ-ይሠራል ያነበዋል፣ አንገቱን አስግጎ ደግሞ ያነበዋል፣ እንደ መፍራት ይላል። ያንቺ።

የኔ።

የሚነፋው። የሚያቃጥለው። እዚሁ ከክርኔ ሥር።

መጣልኝ፣ አሁን መጣልኝ፣ ከትናንት ወዲያ ቢልዱ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ፣ ፕሮግራሙን የሚፈትነው ቴስት መጋዘኑን ልጥራው ይላል፣ መጋዘኑ ከዚህ አይገኝም፣ ቀይ፣ ደግሞ ቀይ፣ ስለመረረኝ የውሸት መጋዘን ጻፍኩለት፣ ትንሽዬ ፕሮግራም፣ የጠየቁትን ሳይሰማ ተቀብያለሁ የሚል፣ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጬ አድራሻውን ለቴስቱ ሰጠሁት፣ ወዲያው አረንጓዴ፣ እጄን ወደ ላይ አንስቼ እልል አልኩ፣ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ ያ አድራሻ ሳይቀየር ከነጥቅሉ ተጭኖ ወጣ፣ ወደ ዋናው ሰርቨር፣ ወደ እውነተኛዎቹ ክሊኒኮች። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ስንቱ ሰው ነው አግዳሚ ላይ ሆኖ የኔን ላፕቶፕ ሲጠብቅ የከረመው፣ ሎጉን ስቆፍር፣ መንገድ መሪውን ስከስ፣ ፎረሙን ሳውክ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።

አጠፋሁት። የውሸቷን መጋዘን። ማራገቢያው ረገብ፣ ረገብ፣ ዝም። ሎጉ ላይ ቀይ ይወርዳል፣ አልደረሰም፣ ተቀባይ የለም፣ አልደረሰም፣ እንዴት ደስ እንደሚል፣ እኔ-ጋ-ይሠራል ምን ሆንሽ ይለኛል፣ ቀይ ሆነ እኮ! እለዋለሁ፣ ያበድኩ መስሎታል። አድራሻውን አስተካክላለሁ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ ቢልድ፣ መጫን፣ ማስነሳት፣ ጥያቄዎቹ አልጠፉም፣ ደግነቱ ይኼ አማላጅ የነገሩትን ሁሉ ቅጂውን ይይዛል፣ ሁሉንም እንደገና ላክ። ስልክ። ኧረ ልጄ! ምን አድርገሽ ነው፣ ማተሚያው አበደብን፣ ልጆቹን ሁሉ ጠርቼ እያስጫንኩ ነው፣ ቆይ ግን፣ ሦስት ዝሆን የሚለው ይኼ የየትኛው ክሊኒክ ነው? እሱን ይተዉት ጋሼ፣ የኔ ነው። እንዲያው ማቀዝቀዣው እንደማይበቃ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ሰዎች ቦርሳቸውን ማንሳት ጀምረዋል፣ የሥራ መውጫ እየደረሰ ነው።

እሱ ጋ ደወልኩ። ይጠራል። ይጠራል። አቤት፣ ይላል፣ ሄሎ አላለም፣ አቤት። ጠዋት ምን ነበር ያልከኝ? አልሰማሁህም ነበር፣ እሺ ብዬህ ነበር ግን አልሰማሁህም። አውቃለሁ፣ ይላል። ታውቃለህ? ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ያልኩሽ፣ አንቺ እሺ አልሽኝ።

ልሂድ ወይስ ልቅር። እሺ።

ቀኑን ሙሉ እሺሽን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ይላል፣ ድምፁ ቁጣ የለበትም፣ ደክሟል፣ ወደ ሂድ ሳዞረው ሂድ ያልሽኝ ይመስለኛል፣ ወደ ቅር ሳዞረው ቅር ያልሽኝ፣ ግራ ገባኝ አንቺ ሴትዮ፣ ባለፈው ሳምንት ግመል ልገዛ ነው፣ ሳሎን እናስራታለን ስልሽም እሺ ብለሽኛል። ቀልድህን ነው ብዬ ነዋ፣ ልለው ነበር፣ ውሸት ነው፣ ግመል የምትባል ነገር በጆሮዬ አላለፈችም። እየቀለድክ ነበር? አይደለም፣ ይላል፣ እዚህ አለሽ ወይ ብዬ ነው።

ላፕቶፑ ላይ እጄን አሳርፌያለሁ፣ ቀዝቅዟል፣ እንባዬ መጣ፣ አፍንጫዬን ሳብኩት። መልስ ሰጠሃቸው? የቱን ልስጥ? አለቃዬ እኮ ይኸው የቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል። እና ደግመህ ጠይቀኝ። አሁን? አሁን። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ይላል፣ እና ያቺ ነገር ትመጣለች፣ እሺ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ፣ ከኔ ቀድማ፣ አረንጓዴ ሆና፣ ዋጥኳት፣ ለመዋጥ ድንጋይ ናት፣ ከሱ ወዲያ መኪና ያልፋል፣ በር ይንቋቋል፣ ይተነፍሳል፣ እሰማዋለሁ፣ ሂድ ብለው ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓመት ማራገቢያ ብቻ እየሰማሁ፣ ቅር ብለው የሚቀረው ከማን ጋር ነው፣ ከኔ ጋር ነው ከደጅ ጠባቂዋ ጋር፣ መልሱ የታለ፣ ውስጤን ባገላብጥ ባገላብጥ የለም፣ ያለው ፍርሃት ነው።

አላውቅም፣ እለዋለሁ። አላውቅም፣ ፈራሁ፣ እንድትሄድ አልፈልግም፣ በኔ ምክንያት ቀርተህ እንድትቆጭም አልፈልግም፣ አላውቅም።

ስልኩን ከጆሮው ሲያርቀው ይሰማኛል፣ ድምፁ ወደ በሩ ዞሮ፣ ነገ ልንገርዎት፣ ይላል፣ ሚስቴ ገና አሁን መምጣቷ ነው።